ጤነኛው እጅ ሲታሰር

ሰባተኛ፣ አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሙስአብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለህበት አገር ጤናህን ሰጥቶ፣ ገበያህን ባርኮ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን የስልኩን «ደህና ነን» አይደለም። በስልክ ስናወራ አባትህ ከጎኔ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚከፍተው አንድም ቀን የልቤን ነግሬህ አላውቅም። «እማዬ፣ አባቴ እንዴት ነው?» ስትለኝ እሱን እያየሁ «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ እሱም እኔን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤታችን ሙናዊር እቃ ሊያመጣ አንተ ወዳለህበት ወደ ጓንዡ እንደሚሄድ ስሰማ ደብዳቤ ያደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። «እትዬ ዙህራ፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ልጄ፣ ነገሩ ሁሉ ውሉ ጠፍቶብኛል። ምናልባት ስጽፈው ይፈታልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ካልተፈታልኝም አንተ ታነበዋለህ።

አባትህ ባለፈው ሰኔ ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ሲዘረጋ ስትሮክ መትቶት የወደቀ ጊዜ መጥተህ አይተኸዋል። ስትመለስ በሩ ላይ ቆመህ «እማዬ፣ አደራሽን፣ ምንም እንዳታስነኪው፣ ይረፍ» አልከኝ። አደራህን ጠብቄያለሁ። መጀመሪያ የተመለሰለት እግሩ ነው። በከዘራ ግቢ ወጣ፣ ቆይቶም መስጊድ ደረሰ። ቀኝ እጁ ግን እንደ እንግዳ ሰው ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ችግሩ መብላት ላይ መጣ። «በግራዬ አልበላም» አለ። ሼህ ጠሀ ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ሰው ችግር የለውም፤ አላህ ያውቅልሃል፣ ብላ» አሉት። «አውቃለሁ ሼህ፤ ግን ጉሮሮዬ አይቀበለውም» አላቸው። ስለዚህ እኔ አጎረስኩት። ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም።

አባትህን ታውቀዋለህ። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ፣ እራቱን ዜና እያየ የሚበላ ሰው ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አብረን የተቀመጥንበት ጊዜ ቢደመር አንድ ክረምት አይሞላም። በአፉ ውስጥ ምግብ እያለ መናገር የማይወድ ሰው፣ ሳጎርሰው ግን መሃል መሃሉን ያወራኝ ጀመር። ከሥልጢ መጥቶ አውቶቡስ ተራ የወረደ ዕለት አማርኛ አጥርቶ ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የተቆጣው እየመሰለው ጥግ ይዞ እንዳለቀሰ ነገረኝ። አንድ ቀን ደግሞ «ዙህራ፣ አንቺ የምትወጂው ቀለም ምንድነው?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ! ደንግጬ «እኔ እንጃ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አላውቀውም ነበር። ሲያስቡት ቢጫ ሳይሆን አይቀርም።

በመስከረም መጨረሻ ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ መነቃነቅ ሲጀምሩ ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን። እዚያ ፋና የምትባል ባለሙያ አለች፤ በዕድሜ ካንተ አትበልጥም። ገና እንደተቀመጥን «ጋሼ ሰላሁዲን፣ እስቲ የኮትዎን ቁልፍ ይቆልፉልኝ» አለችው። እሱ እጁን ሳያነሳ እኔ ቆለፍኩለት። ፈታችና «እንደገና» አለች። አሁንም ቆለፍኩለት። ፈገግ ብላ «እትዬ ዙህራ፣ እጅዎን ሻርፕዎ ውስጥ ይደብቁልኝ» አለችኝ። አፈርኩ።

ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «የተጎዳው ጭንቅላታቸው ነው እንጂ እጃቸው አይደለም። አንጎል እጁን የሚያዝበት መንገድ ተዘግቷል፤ ሌላ መንገድ እንዲያበጅ ሥራ ይፈልጋል። እርስዎ ሲሠሩላቸው ግን ያ እጅ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል፤ አንጎልም ይረሳዋል።»

«ታዲያ ይረፍ አልተባለም እንዴ?» አልኳት፤ አንተን እያሰብኩ።

«ድሮ እንደዚያ ይባል ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕረፍት አለው። ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍት ብቻውን እጅ አይመልስም።»

ይኸውልህ፣ የመጀመሪያው ግራ መጋባት እዚህ ጋ ነው። ለካ ስንከባከበው እጁን እያስረሳነው ኖሯል! ወይስ ያን ጊዜ ባልንከባከበው ይብስበት ነበር? ሁለቱንም ጠየቅኳት። «ማንም ጥፋት አላጠፋም» አለችኝ። መልስ ግን አልሆነኝም።

ቀጥላ ጥናት እየተሠራ እንደሆነ ነገረችን። በጥናቱ ሁለት ቡድን አለ። አንደኛው የተለመደውን የእጅ እንቅስቃሴ ጠንከር አድርጎ ይሠራል። ሁለተኛው ደግሞ ጤነኛውን እጅ ጣት በሌለው ወፍራም የጨርቅ ከረጢት አስሮ፣ ነቅቶ በሚውልበት ሰዓት አብዛኛውን በታመመው እጁ ብቻ ይሠራል፤ ቤተሰብም አያግዘውም።

«የቱ ይሻላል?» አልኳት።

«አናውቅም» አለች።

«አናውቅም ማለት?»

«ከረጢቷ ውጭ አገር ብዙ ሰው ላይ ተሞክራ ጥሩ ውጤት ታይቶባታል። እኛ አገር ግን ቤት ውስጥ፣ ከቤተሰብ ጋር ስትሠራ ከተለመደው ትበልጥ አትበልጥ እንደሆን ገና አላወቅንም። የምናጠናውም ለዚህ ነው።»

«ለእሱ የቱ እንደሚሆን ማን ይመርጣል ታዲያ?»

«ዕጣ ነው። ኮምፒውተር ያወጣዋል።»

ልጄ፣ የእቁብ ዕጣ አውቃለሁ። ለሰው እጅ ዕጣ ሲወጣ ግን ሰምቼም አላውቅ። ይዤው ልወጣ ብድግ አልኩ። አባትህ ግን አልተነሳም። «ቁማር አይሆንም?» ብሎ ጠየቃት።

«አይሆንም ጋሼ። ሁለቱም ወገን ሕክምናውን ያገኛል። ካልተመቸዎት በማንኛውም ቀን ትተው መውጣት ይችላሉ፤ ሕክምናው አይቀርብዎትም። ዕጣ ያደረግነው እኛ ከመረጥን በርታ ያለውን ሰው ወደምንወደው ወገን እያደረግን ራሳችንን ስለምናታልል ነው።»

ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። «ዙህራ፣ መርካቶ ውስጥ ‹የቱ እንደሚሻል እኔም አላውቅም› ብሎ የሚሸጥልሽ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይቺ ልጅ አትዋሽም» አለና በግራ አውራ ጣቱ የስምምነት ወረቀቱ ላይ አሻራውን አኖረ። ዕጣውም ከረጢቷ ሆነችለት። ከእኛ ጋር ተራ ይጠብቅ የነበረ ጠይብ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ደግሞ የተለመደው ደረሰው። እኔ በጠይብ ቀናሁ።

ከዚያ ቤት ውስጥ ሆነ። ከረጢቷን ግራ እጁ ላይ አጥልቄ የማስረው እኔ ነኝ። ደረጃ ሲወጣና ትኩስ ነገር ሲይዝ ይፈታለታል፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠበው ለዉዱእም ይፈታለታል፤ ሌላው ጊዜ ይታሰራል። ፋና የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችለት፤ ፍትፍትም እንዳቀርብለት ነገረችኝ። የእኔ ሥራ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ማየት ነው። አንድ ማንኪያ ፍትፍት ከሳህን እስከ አፍ መንገዱ እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ማንኪያው አገጩን መታው፣ ጉንጩን መታው፣ ደረቱ ላይ ተደፋ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። እኔ እጄን ሻርፔ ውስጥ ደብቄ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩ። «አግዢኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። እጄን አላወጣሁም። ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። ያን ቀን ሳይበላ ዋለ።

በነጋታው አክስትህ እቴቴ ከተክለ ሃይማኖት መጣች። መቼም ወንድሟን በምን ዓይን እንደምታይ ታውቃለህ። ስትገባ እሱ ጤነኛ እጁ ታስሮ፣ ሸሚዙ በወጥ ተበላሽቶ፣ ከማንኪያው ጋር ትግል ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ምን እያየሁ ነው? አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜን አሰርሽው?»

«እቴቴ፣ ሕክምና ነው። የሆስፒታሉ...»

«የምን ሕክምና! የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማሰር የት ያያችሁት ሕክምና ነው? ወጌሻ ላምጣ ስል ‹አይ፣ ዘመናዊ› አላችሁኝ። ዘመናዊው ይሄ ነው? አንቺ ማጉረስ ደከመሽ እንጂ!»

ሙስአብ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እዚህ ልቤ ላይ ገባች። ማጉረስ ደከመሽ አለችኝ። እኔን! ተነስቼ ከረጢቷን ፈታሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ጠቅልዬ ወደ አፉ ወሰድኩለት። እቴቴም «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ተቀመጠች። አባትህ ግን አፉን አልከፈተም። ጉርሻው አየር ላይ ቆየ። ዓይን ዓይኔን እያየ ያንን ከከረጢቷ የወጣ ግራ እጁን ወደ እኔ ዘረጋና «ዙህራ፣ እሰሪኝ» አለ።

«ሰላሁዲን!» አለች እቴቴ።

«ተይ እቴቴ። አላሰረችኝም፤ እኔ ነኝ እሰሪኝ ያልኳት» አላት።

አሰርኩት። ማሰሪያው እምቢ አለኝ። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በኋላ ግን ሳትሄድ ቆየችና፣ አንድ ማንኪያ አፉ በገባ ቁጥር «ማሻአላህ» ማለት ጀመረች፤ ልክ ልጅ እንደሚመግቡት። አሁን ሰው ባገኘች ቁጥር የከረጢቷን ጥቅም የምታስተምረው እሷ ናት። የሰው ነገር!

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። በኅዳር የላክህልን ባለማሽኗ ጓንት ደረሰች። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ ሙናዊር በስልኩ እየተረጎመ አስረዳን። የታመመው እጅ ላይ ስትጠልቅ በአየር እየተነፋች ጣቶቹን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በቪዲዮ ስትደውል አባትህ እጁን ሲከፍትና ሲዘጋ አይተህ ደስ ብሎህ አለቀስክ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ስልኩ ሲዘጋ ግን አባትህ ጓንቷን ቶሎ አውልቂልኝ አለኝ። «የእኔ እጅ አይደለም የሚንቀሳቀሰው፤ ልጄ እንዳይከፋው ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አንተ ስትደውል ብቻ ነው የሚያጠልቃት። እንዳትቀየመን ብዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ጓንቷን ይዤ ወደ ፋና ሄጄ «ይቺ ትጠቅማለች ወይስ አትጠቅምም?» አልኳት። በጥሞና አየቻት። «በእሷም ላይ ጥናት አለ፤ የሚስማማ ውጤት ግን የለም። ጋሼ ዝም ብለው ተቀምጠው እሷ ብቻ ከሠራች ብዙም ተስፋ አላደርግባትም። አብረዋት እየሞከሩ፣ እየገፉ ከሆነ ግን ልትጠቅም ትችላለች። አይጣሏት» አለችኝ። ደግሞ አትጥያት፣ ደግሞ አትመኪባት። እኔ መቼም የሐኪም ነገር አዎ ወይ አይ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ጥናቱ እንዳይበላሽ ጓንቷ አንተ ካልደወልክ በቀር ተጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆየች። ከእንግዲህ እንሞክራታለን። አንተን ማስደሰቷ ግን እስካሁን ካየሁባት ጥቅም ሁሉ ይበልጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወር አለፈ። ፋና የምታሠራው ከሱቁ የተወሰደ ሥራ ነው፤ ቁልፍ መልቀም፣ ክር መጠቅለል፣ ቁራጭ ጨርቅ ማጠፍ። አንድ ጁምዓ ከሶላት መጥቶ ተቀመጠ። ያን ቀን ማንኪያ ማቅረቡን ረስቼ ላመጣ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ስመጣ እንጀራውን በሦስት ጣቱ ቆርሶ፣ ምስር ጠቅልሎበት፣ እያዘነበለ እያቃና ወደ አፉ ሲያስገባ አገኘሁት። ገባ። አኘከ። ቀና ብሎ «ዙህራ፣ ጨው አንሶታል» አለኝ።

እልል ማለት ነበረብኝ፤ አይደል? ስንት ዱዓ ያደረግኩበት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ከልቤም ነው። ግን ማንኪያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም። ጨው ላመጣ ሄጄ ስኳር ይዤ መጣሁ። እሱ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንን ልነግራት ስሄድ ጠይብን በር ላይ አገኘሁት። ያ በከረጢት ያልታሰረው፣ የተለመደው ስፖርት የደረሰው ሰውዬ፣ በታመመ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ይጠጣል! ደግሞ እጁ ከአባትህ እጅ ይበልጥ ቀጥ ብሏል። ዞረብኝ። ገብቼ «ፋና፣ ጠይብ ሳይታሰር ዳነ። ታዲያ ሰላሁዲንን ለምን አሰርኩት? ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ እንባ ለምን ነበር?» አልኳት።

ወንበር ሳበችልኝ። «እትዬ ዙህራ፣ ጋሼ የተሻላቸው በከረጢቷ ይሁን፣ በጊዜው በራሱ ይሁን፣ በእልሃቸው ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ጥናቱ ሲያልቅ ብዙ ሰው አንድ ላይ ታይቶ የሆነ ነገር ይነግረናል። ያኔም ቢሆን ስለ ብዙ ሰው ነው እንጂ ስለ ጋሼ ሰላሁዲን አይነግረንም።»

«ስለዚህ መቼም አላውቅም ማለት ነው?»

«ምናልባት» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ እንዲለኝ ብሎ ይዋሸኝ ነበር።

አሁን አባትህ ሱቅ ይውላል። አውራ ጣቱ እንደልቡ ስለማይታዘዘው መቀስ ገና አልያዘም፤ ጣቃ ግን ይዘረጋል፣ ከደንበኛም ይከራከራል። ምሳውን በሳህን ቋጥሬ እልካለሁ፤ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር በገዛ እጁ ይበላል። ሲመሽ ይገባል፣ ዜና ይከፍታል። እግሩ ዳነ፣ ጉልበቱ ዳነ። ጠባዩም፣ እንግዲህ፣ እንደ ድሮው ዳነ።

ማክሰኞ ዕለት ብቻዬን ምሳ አቅርቤ ስበላ አንድ ነገር ሆነ። የሬዲዮው ወሬ ይዞኝ ሳላስብ እጄ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ ጎኔ ሄዶ ቆመ። ማንም የለም። ምግብ መጣል ደግ አይደለም ብዬ መልሼ ራሴ ጎረስኩት። ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ አላውቅም፤ ከወረቀቱ ላይ ልሰርዘው ብዬም ተውኩት።

ትናንት ፋና ለመጨረሻ ጊዜ አየችን። አባትህን ከለካች በኋላ ለአስታማሚም ጥያቄ አለ አለችኝ፤ ለካ እኔም ጥናቱ ውስጥ ነበርኩ።

«እትዬ ዙህራ፣ ጋሼ ራሳቸውን ስለቻሉ የእርስዎ ሸክም ቀሏል? በጣም ቀሏል፣ በመጠኑ ቀሏል፣ አልቀለለም። የቱን ልጻፍ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። አባትህ ውጭ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ሱቁ ተዘግቷል» ይለኛል።

«ሌላ መልስ የለውም?» አልኳት።

ቀና አለች። «ምን የሚል?»

ምን የሚል እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ ቃሉን አጣሁት። «ምንም፣ ዝም ብዬ ነው። ቀሏል በይ» አልኳት።

«በጣም?»

«በጣም።»

ጻፈችው። ወጣሁ። አባትህ ሳልደርስበት ቀድሞኝ መንገድ ተሻግሯል፤ ከዘራውንም አልያዘም። ደስ ይላል ሲራመድ፤ ብታየው።

ረመዳን እየቀረበ ነው። ለዒድ ከተመቸህ ና፤ ካልተመቸህም ሥራህን አታበላሽ። ሠራተኛ ልቅጠርልሽ ላልከኝ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን አያስፈልግም። አሁን እቤት ውስጥ ያን ያህል የሚሠራ ነገር የለም። በስልክ ስንነጋገር ይህን ደብዳቤ እንዳታነሳብኝ፤ «ደህና ነን» ስልህ ዝም ብለህ «አልሐምዱሊላህ» በለኝ።

አላህ የወጣህበትን ያቅናልህ፣ የያዝከውን ያብዛልህ፣ ክፉ ሰው አያገናኝህ፣ እጅህንም እግርህንም ይጠብቅልኝ። በዓይኔ እስካይህ ድረስ ለእሱ ሰጥቼሃለሁ።

የምትናፍቅህ እናትህ
ዙህራ